የጠራ ሠንጠረዥ የታማኝ አገልጋይ ምስክር ነው

ለሰበካ ጉባኤ የልማትና የሒሳብ ክፍል አገልጋዮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ችግረኞች ርዳታ ሲያሰባስብ ጉዳዩን ለብቻው አልያዘም። ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰከረላቸውን ወንድሞች ወደ ቆሮንቶስ ላከ። ምክንያቱን በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ላይ እናገኘዋለን፤ በተሰበሰበው ስጦታ ምክንያት ማንም እንዳይነቅፋቸው ይጠነቀቅ ነበር። ሐዋርያው እንኳ እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ እኛማ የምእመናንን ገንዘብ የያዝን ሁሉ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል!

በአንድ አጥቢያ ለምንጭ ማጎልበቻ የተሰበሰበው መዋጮ ሲመረመር የደረሰኞቹ ድምር 48,600 ብር፣ በኮምፒዩተር የተያዘው ሠንጠረዥ ድምር ግን 41,400 ብር ሆኖ ተገኘ። 7,200 ብር ጎደለ ማለት ነው። ገንዘብ ያዡ ለብዙ ዓመታት በታማኝነት ያገለገሉ አረጋዊ አባት ናቸው። ክፉ ቃል የተናገራቸው ባይኖርም፣ በጉባኤው ዝምታ መካከል አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ከቀትር በኋላ ምክንያቱ ታወቀ። በሦስት ረድፎች ላይ «2400» በሚለው ፈንታ «2400 ብር» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ኤክሴል ፊደል የተቀላቀለበትን ቁጥር እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው ሦስቱን ከድምሩ አስቀርቷቸዋል። የባንክ ደብተሩም ሲመጣ ገንዘቡ አንድ ሳይጎድል ተገኘ። ቅጹን አዘጋጅተን የሰጠናቸው ደግሞ እኛ ነበርን። በዓምዱ ራስ ላይ «መጠን በብር» ብለን ጽፈን ቢሆን ኖሮ፣ በየሣጥኑ «ብር» ብሎ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ አባታችንን በጉባኤው ፊት ይቅርታ ጠየቅናቸው።

የዛሬው ንግግራችን መነሻ ይህ ነው። በሚገባ ያልታቀደ ሠንጠረዥ ንጹሑን ሰው ያስጠረጥራል፤ አጥፊውንም ሊሸሽግ ይችላል።

ሠንጠረዥ የሚጀመረው በወረቀት ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ሳይከፈት ጸሓፊው፣ ሒሳብ ሹሙና ገንዘብ ያዡ አብረው ተቀምጠው ይጠይቁ፤ ይህን የሚያነበው ማን ነው? ምን ማወቅ ይፈልጋል? የሚሞላውስ ማን ነው? ሀገረ ስብከቱ የሩብ ዓመቱን ድምር ይፈልጋል፤ ምእመናን የሰጡት ስጦታ በምን ላይ እንደ ዋለ ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዝርዝር መዝገቡ በአንድ ገጽ ይያዝ፤ ማጠቃለያው ከዚያው መዝገብ እየተወጣጣ በሌላ ገጽ ይቀመጥ።

ቀጥሎ አንድ ረድፍ ለአንድ ድርጊት፣ አንድ ዓምድ ለአንድ ዓይነት መረጃ ይሁን። «ሲሚንቶ 20 ኩንታል፣ አሸዋ 1 መኪና» ተብሎ በአንድ ሣጥን የታጨቀ ግዢ ሊደመር አይችልም። ለሲሚንቶው አንድ ረድፍ፣ ለአሸዋው ሌላ ረድፍ ይሰጥ። የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ መለኪያው፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋውና የደረሰኙ ቁጥር እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። የደረሰኝ ቁጥር የሌለው ረድፍ ምስክር እንደሌለው ቃል ነው።

ስም ስንጽፍ ደግሞ ፊደላችን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ኮምፒዩተር ግን የሚለያቸው በመልካቸው ነው። በመስከረም «ኃይለ ማርያም»፣ በጥቅምት «ሀይለማርያም» ተብለው የተመዘገቡ አንድ አባት ለእርሱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የከፈሉት መዋጮም በሁለት ስም ተከፍሎ ይቀራል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ አባል የማይለወጥ የመዝገብ ቁጥር መስጠትና ፍለጋውን በቁጥሩ ማድረግ ነው።

ብዙዎቻችሁን የሚያስቸግረው የቀን አጻጻፍ ነው። ኤክሴል በራሱ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀንን 30/2/2017 ብለን ብንጽፍ፣ የእነርሱ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። ጥቅምት 5 ቀንን 5/2/2017 ብንል ግን የእነርሱ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል። እንዲህ በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት መረጃ ተቀላቅሎ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል እናሰልፍ ስንል ይደበላለቃል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብለን ብንሰጠውም ቦታ የለውም። ስለዚህ ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በቁጥር ይጻፉ። ለውጭ ለጋሾች በሚዘጋጅ ሪፖርት የእነርሱ ቀን ካስፈለገ፣ በራሱ ላይ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ የተጻፈበት ሌላ ዓምድ ይጨመር።

ስለ ማስዋብ ጥቂት እንበል። የዓምዶቹ ርእስ በደማቅ ፊደል ይጻፍና ሠንጠረዡ ወደ ታች ሲወርድ እንዳይሰወር ይደረግ፤ ሲታተምም በየገጹ ራስ ላይ እንዲደገም ይታዘዝ። በመዝገቡ ውስጥ ሣጥኖችን ማዋሐድ ረድፎችን በቅደም ተከተል ለማሰለፍ ስለሚያውክ ይቅር። ያልተከፈለውን በቀይ ቀለም ብቻ መለየትም አይበቃም፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ልዩነቱ ይጠፋል። «ተከፍሏል»፣ «አልተከፈለም» የሚል ዓምድ ይኑር። አንድ ምልክት ደግሞ አስተውሉ፤ አሰላለፉ ካልተቀየረ በቀር ኤክሴል ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። በገንዘብ ዓምድ ውስጥ ወደ ግራ የተጠጋ ነገር ካያችሁ ቆም ብላችሁ መርምሩ። በዚያ አጥቢያ ሦስቱ ረድፎች ወደ ግራ ተጠግተው ነበር፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ድምሩን በመደመሪያ ማሽን አስልታችሁ አትጻፉ፤ በቀመር ይደመር፤ ከዚያም ከደረሰኞቹና ከባንክ ደብተሩ ጋር ይመሳከር። በየወሩ መጨረሻ ታትሞ ሦስቱ ኃላፊዎች ይፈርሙበት፤ ቅጂውም ከኮምፒዩተሩ ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

ሠንጠረዣችሁን የምትፈትኑበት አንድ መንገድ አለ። የሰበካ ጉባኤ ተመራጮች ዘመናቸው ሲፈጸም ለተተኪዎቻቸው ያስረክባሉ። ተተኪው ማንንም ሳይጠይቅ መዝገቡን አንብቦ ከተረዳ ሥራችሁ መልካም ነው። «ይህንስ እገሌ ብቻ ነው የሚያውቀው» የሚባል ከሆነ ግን፣ እገሌ በሌለበት ቀን የሚሟገትለት አያገኝም።

ያ አረጋዊ አባት ዛሬም በገንዘብ ያዥነት ያገለግላሉ። በየወሩ መጨረሻም የታተመውን ሠንጠረዥ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ያነባሉ። እናንተም ከዛሬ ጀምሮ ካሉን ቅጾች አንዱን መርጣችሁ በዚህ መንገድ አስተካክሉ፤ እኛ ልጆቻችሁም በየአጥቢያችሁ እየመጣን ለመርዳት ዝግጁ ነን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።