ማጣሪያውን ማን ይለካዋል?

ውድ ተመራቂዎች፤

የአመራር ሥልጠናችሁ አንድ ግዴታ ነበረበት። በምትኖሩበት ከተማ ወይም ቀበሌ አንድ የማኅበረሰብ አገልግሎት ያልጀመረ ቡድን ዛሬ እዚህ አይቀመጥም ነበር። እናንተም ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ጀምራችሁ መጣችሁ። የጎርፍ ቦይ የጠረገ አለ፣ ለተማሪዎች የማታ ጥናት የከፈተ አለ፣ ደም ለግሶ ጎረቤቱን ያስለገሰ አለ፣ የአረጋውያንን ጣሪያ የቀየረ አለ። የእኔ ልብ ግን የቀረው በትምህርት ቤት የፍሎራይድ ማጣሪያ ካቆሙት ልጆች ዘንድ ነው። ፈቃዳችሁ ከሆነ በእሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጥርሱ ስለበለዘ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ በየመንደሩ አለ። ወገቡ ደርቆ ቀና ማለት ያቃተው ሽማግሌም አለ። በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ አልፎ የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በእኛ አካባቢ ይህን ብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይድ ጣዕምም ቀለምም የለውም። ክሎሪን አይነካውም። ማፍላት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ውሃው ይተንና ፍሎራይዱ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ለልጇ ብላ ውሃ የምታፈላ እናት ሳታውቅ የምታደርገውን አስቡት።

ወንጂ እዚሁ ከአዳማ አፍንጫ ሥር ነው። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሠራተኛ መጥቶ ሰፈረበት፣ ለዓመታትም የጉድጓድ ውሃ ጠጣ። በ1960ዎቹ ሐኪሞች ነባሮቹን ሠራተኞች ሲመረምሩ አጥንታቸው በፍሎራይድ ተጎድቶ አገኙት። እነዚያ ሰዎች ስኳራችንን ያመረቱ ሰዎች ናቸው። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ሳንማረው ማደጋችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጆቹ ያቆሙት ማጣሪያ በአጥንት ከሰል የሚሠራ ነው። የከብት አጥንት ይሰበሰባል፤ አየር በሚያንሰው ምድጃ ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይከስላል፤ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ በርሜል ውስጥ ይሞላል። ውሃው ከላይ ገብቶ በጥቁሩ ፍርፋሪ መካከል ሲወርድ ፍሎራይዱ እዚያ ተይዞ ይቀራል። እዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን የአጥንቱ ከሰል የሚይዘው ልክ አለው፤ ሲሞላ መያዙን ያቆማል። ቧንቧው ያንኑ ጥርት ያለ ውሃ ማውረዱን ይቀጥላል፤ መምህራኑ ልጆቹ ተጠብቀዋል ብለው ያምናሉ፤ ልጆቹም ይጠጣሉ። ናሙና በጠርሙስ ይዞ ላቦራቶሪ የሚሄድ ሰው ከሌለ፣ የሞላውንም የሚቀይር ከሌለ፣ በርሜሉ ያለበት ትምህርት ቤት ከሌለበት የባሰ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ሌላ ውሃ መፈለግን ያስረሳልና።

ዛሬ የማሳስባችሁ ጉዳይ ይኸው ነው። እስከ ትናንት ሥራውን የሚያስቀጥል ግዴታ ነበረባችሁ። ከዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን የምስክር ወረቀቱ በእጃችሁ ነው፤ የሚጠይቃችሁ አሠልጣኝ የለም።

አገራችን ጀማሪ አጥታ አታውቅም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹ አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል፤ ወደ 15 ቋንቋዎችም ሰፍቷል። የእነዚያን ወጣቶች ድካም አከብራለሁ፤ ዛሬም በአንዳንድ መንደር ስማቸው በበጎ ይነሳል። ሆኖም ፊደል ቆጥሮ የሚያነበው መጽሐፍ ያልደረሰው ገበሬ ፊደሉን መልሶ ረሳው። ዘማቹ ተመለሰ፤ ተረካቢ አልተወም።

ችግኝም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ዝናብ በአዳማ ዙሪያ ኮረብቶች ላይ ስንተክል መንገዱ በቲሸርት ይደምቃል፤ በጥር ውሃ ይዞ የሚወጣው ግን ጥቂት ሰው ነው። ፍየልና ፀሐይ ደግሞ ምርቃት አያውቁም። ኮረብታው ከተራቆተ ጎርፉ የሚወርደው እዚህ ከተማ ላይ ነው፤ እናንተ የጠረጋችሁትንም ቦይ መልሶ በአሸዋ ይሞላዋል።

ተረካቢን በተመለከተ ከፊት ወንበር የተቀመጡት አባ ገዳዎች የሚያስተምሩን አለ። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ የሚረከበው ወገን ደግሞ ገና ተራው ሳይደርስ በየእርከኑ ሲሠለጥንና ሲያገለግል ይቆያል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ይህንን ሥርዓት ነው። አንድ መሪ ሲነሳ ቀጣዩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እናንተም ተከታያችሁን ዛሬውኑ ማሠልጠን መጀመር ትችላላችሁ።

ለዚህ አዲስ ድርጅት አያስፈልጋችሁም። በየሰፈሩ እድር አለ፣ የኦሮሞ የመረዳጃ ባህል የሆነው ቡሳ ጎኖፋ አለ፣ የውሃ ኮሚቴ አለ፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አለ። እነዚህ እኛ ሳንወለድ የነበሩ፣ ወይም ከእኛ በኋላም የሚቆዩ ናቸው። ሥራችሁን በስማቸው አስመዝግቡት፤ ስማችሁ ከግድግዳው ላይ ቢወርድም ግድ አይስጣችሁ። የማታ ጥናቱን የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ይረከቡት፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እነሱ ለተከታዮቻቸው ያስረክቡ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ሲመጡ ፎቶውን ካያችሁ በኋላ አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «ሥራው አሁን በማን እጅ ነው?» በሉ። የሰው ስም ካልጠሩላችሁ ነገ ጠዋት መልሳችሁ ላኳቸው።

ተመራቂዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር እንዲጽፍልኝ እለምናለሁ፦ ቁልፉን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ወጪው ከየት እንደሚሸፈን፣ ሥራው መቼ ተመልሶ እንደሚታይ። ማጣሪያውን ያቆማችሁት ደግሞ ቀጣዩ ናሙና የሚወሰድበትን ቀን ጨምሩ። ወረቀቶቹን ለአሠልጣኞቻችሁ ስጧቸው። ናሙናው በሚወሰድበት ቀን ከጠራችሁኝ እኔም እመጣለሁ።