ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



መጠጥ እንደማልቀምስ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስለ ወይን ጠጅ ልናገር መነሣቴ ሊያስቃችሁ ይችላል። ነገር ግን እዚህ ጣሊያን አገር የሰው ድግስ እያሰናዳን የምናድር ሴቶች ነን፤ ፕሮሴኮ የማይከፈትበት ድግስ ደግሞ ጥቂት ነው። ባንጠጣውም የምናቀርበውን ማወቅ አለብን። ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው።

አንዲት ደጋሽ «ብሩት» የሚባለውን፣ ጣፋጭነቱ አነስተኛ የሆነውን ፕሮሴኮ አዘዘችን። ሱቁ ውስጥ ብሩት አጣሁና «ኤክስትራ ድራይ» የሚል አየሁ። ድራይ ማለት ደረቅ ነው፣ ኤክስትራ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ስኳር የለውም ብዬ 12 ጠርሙስ ገዛሁ። ሴትዮዋ ጽሑፉን አይታ «ያዘዝኩት ይህን አይደለም» አለችኝ። እንደገና የገዛነው ከዕለቱ ገቢያችን ነው፤ የአምስታችን ድካም ነበር።

እውነቱ ይኸውና። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ስኳር ብሩት ከሆነ ከ12 ግራም አይበልጥም። ኤክስትራ ድራይ ከ12 እስከ 17 ግራም፣ ድራይ ደግሞ ከ17 እስከ 32 ግራም ነው። ስሙ ደረቅ ይላል እንጂ ከሦስቱ ጣፋጩ ድራይ ነው።

ወይኑ የሚሠራበት ነጭ የወይን ዘር ግሌራ ይባላል፤ ቢያንስ 85 በመቶው ከእሱ መሆን አለበት። ፖምና ፒር የሚመስል ሽታ፣ ደስ የሚል ኮምጣጣነትም አለው። ቀድሞ ዘሩም ፕሮሴኮ ይባል ነበር፤ በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስሙ ለአካባቢው ብቻ እንዲቀር ተደረገ። ፕሮሴኮ በትሪየስቴ አጠገብ ያለ መንደር ስም ነው። በኮኔልያኖና በቫልዶቢያዴኔ ኮረብቶች የሚመረተው የበለጠ ይከበራል።

አረፋው ከየት ይመጣል? ጠጅ ስትጥሉ ሲንፈቀፈቅ አይታችኋል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ አየር ይወጣል፤ ከእንስራችን ግን ያመልጣል። ለፕሮሴኮ ወይኑ በተዘጋ ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል፣ አየሩም መውጫ ስለሚያጣ ወይኑ ውስጥ ይቀራል። ሻምፓኝ ግን ሁለተኛውን ፍላት የሚፈላው በየጠርሙሱ ውስጥ ነው፤ ለዚህም ብዙ ጊዜና ድካም ይጠይቃል፣ ዋጋውም ይወደዳል።

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ። ብሩት ለዓሣ፣ ለባሕር ምግብና በዘይት ለተጠበሰ ሁሉ ይስማማል፤ ኮምጣጣነቱና አረፋው ቅባቱን ከአፍ ያጥባል። የእኛ የምስር ሳምቡሳ ከብሩት ጋር ሲቀርብ እንግዶች ደጋግመው ሲያነሡ አይቻለሁ። ኤክስትራ ድራይ ከምግብ በፊት ከሚቀርብ ስስ የአሳማ ሥጋና ለስላሳ አይብ ጋር ይሄዳል፤ ከእኛ ወገን ለአልጫ ይሻላል። በርበሬ ለበዛበት ቀይ ወጥ ግን አልመክርም፤ አልኮል ማቃጠሉን ያብሰዋል። ጣፋጭ ኬክ ላይ ብሩት አታቅርቡ፤ ከስኳር በኋላ ሆምጣጤ ይመስላል። እዚያ ላይ ድራይ ይሻላል።

ሲቀርብ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ የቀዘቀዘ ይሁን። አንድ ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ ይሞላል፤ እንግዳ ቆጥራችሁ ግዙ። ሲከፈት ቡሹን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ጠርሙሱን አዙሩ፤ አፉን ወደ ሰው አታዙሩ።

እህቶቼ፣ የሠርጉ ወራት ሳይገባ አንድ ከሰዓት ባዶ ጠርሙሶች ሰብስበን ጽሑፋቸውን አብረን እናንብብ። ደጋፊዎቻችንም ወይን የምታውቅ ሰው ብታመጡልን ከገንዘብ ያላነሰ ውለታ ነው። የእኔ ስሕተት የአምስት ሴት ገቢ በልቷል፤ ዳግመኛ የማንንም እንዳይበላ።