ውኃን ከደም ሥር የማያስወጣው ፕሮቲን



እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ሲደበድቡ፣ ክፉኛ የተቃጠሉ መርከበኞች ሐኪም ቤቱን ሞሉት። ቃጠሎ የሚጎዳው ቆዳን ብቻ አይደለም፤ የደሙ ፈሳሽ ከሥሩ እየሾለከ ይወጣና የደም ግፊት ይወድቃል። ለእነዚህ ቁስለኞች የደረሰላቸው መድኃኒት ገና በሰፊው ያልተሞከረ ነበር፤ ከሰው ደም የተለየ፣ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን። ለጥቂቶቹ ተሰጣቸው፤ ተሻላቸውም።

አልቡሚኑን የመለየት ዘዴ ያገኘው የሃርቫርዱ ኬሚስት ኤድዊን ኮን ነው። የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማውን፣ አቀዝቅዞ፣ የአልኮሉንና የአሲዱን መጠን እየቀያየረ ፕሮቲኖቹን በየተራ አዘቀጣቸው። ፋይብሪኖጅን ቀድሞ ይወርዳል፤ ጋማ ግሎቡሊን ይከተላል፤ አልቡሚን መጨረሻ ላይ ይገኛል።

ፕላዝማ የደም ሕዋሳት ሲወጡለት የሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ ነው፤ ከደማችን 55 በመቶ ያህሉን ይይዛል። አብዛኛው ውኃ ቢሆንም በአንድ ሊትር ውስጥ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን አለ። ፋይብሪኖጅን ወደ ክር ተለውጦ የሚደማውን ቁስል ይደፍናል፤ ጋማ ግሎቡሊን ተሕዋስያንን ይዋጋል። ሥራቸው ጎልቶ ስለሚታይ ስማቸው ይነሣል። ከፕሮቲኑ ከግማሽ በላይ የሆነው አልቡሚን ግን የሚገባውን ያህል አልተወራለትም።

አልቡሚንን የሚሠራው ጉበት ነው፤ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ የጤነኛ ደም ሥርን ግድግዳ በቀላሉ አያልፍም፤ እዚያው ተቀምጦ ውኃውን ይይዛል። በዚያ ላይ ቢሊሩቢንን፣ የስብ አሲዶችን፣ ካልሲየምንና ብዙ መድኃኒቶችን ተሸክሞ ይዞራል። ጉበት ሲጎዳ፣ ወይም ኩላሊት አልቡሚንን ወደ ሽንት ሲለቅ፣ እግርና ሆድ የሚያብጡበት አንዱ ምክንያት የእሱ መጉደል ነው።

ሐኪሟ ሲስሊ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1933 ከጎልድ ኮስት፣ ከዛሬዋ ጋና፣ ሕፃናትን ስለሚያሳብጠው የምግብ እጥረት ሕመም፣ ስለ ኳሺዮርኮር፣ ጻፈች። በዚህ ሕመም በተያዙ ሕፃናት ደም ውስጥም አልቡሚን ያንሳል፤ እብጠቱን የሚያመጣው ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሕፃኑን ሁለት እግሮች በአውራ ጣት ተጭነው፣ ቦታው ጎድጉዶ መቅረቱን የሚያዩት ይህን ዓይነቱን የምግብ እጥረት ለመለየት ነው። ያበጠ ልጅ የወፈረ መስሎ ቤተሰቡን ያዘናጋል። ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ሕፃን በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ካያችሁ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።