ቃልን ከጎረቤቱ ጋራ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በመዘዞ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ጥፋት አጠፋሁ። «ሴትዮዋ ወደ ስፕሪንግ ሄደች» የሚለውን አንድ ልጅ «ወደ ጸደይ ሄደች» ብሎ ተረጐመው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም። ስሕተቱ ግን የኔ ነበር። ቃሉን ከወቅቶች ስም ጋራ ብቻ አስጠንቼ፣ ምንጭም ማለት እንደ ሆነ ሳልነግረው ቀርቼአለሁና።

አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። «ልጁ ሳለ» ሲባል ቢሰማ፣ ጉንፋን ይዞት ነው? ቢላዋ ስሎ ነው? ወይስ ሥዕል? የሚያስታውቀው አብሮት ያለው ቃል ነው። ሰምና ወርቅ ያወረሱን አባቶችም ጆሯችንን ያሠለጠኑት በዚሁ ነው።

ስለዚህ በማግሥቱ «ባንክ» የሚለውን ቃል በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፍሁ፤ በአንዱ ገንዘብ፣ በሌላው ወንዝ አለበት። ፍቺውን ግን አልነገርሁም። ገንዘብ ቤቱንማ ያውቁታል፤ የወንዙን ዳር ራሳቸው ተከራክረው አገኙት።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ «ፓወር» በፊዚክስ ሌላ፣ በሒሳብ ሌላ ይሆንባቸዋል። አንዱን ፍቺ ብቻ የሸመደደ ልጅ፣ ሒሳቡን እያወቀ በቃሉ ይወድቃል።

እንግዲህ ቃልን ብቻውን አናስጠና፤ ከጎረቤቱ ጋራ እናስተምር። በተሳሳተ ልጅም አንሳቅ። ያ የኔ ተማሪ እስከ መጣሁበት ቀን ድረስ እጁን አላወጣም።