ዶሮ በአፈር ለምን ትታጠባለች?



የዛሬው ንግግሬ ውኃ ሳይነካቸው ንጹሕ ሆነው ስለሚኖሩ እንስሳት ነው። በብዙ አገሮች ሰዎች በቤታቸው የሚያሳድጉትን ሃምስተር የተባለ የአይጥ ዘመድ እንመልከት። ወርቃማው ሃምስተር የመጣው በሶርያ፣ በሐለብ ዙሪያ ካለው ደረቅ ምድር ነው። የሥነ እንስሳ ተመራማሪው እስራኤል አሃሮኒ እ.ኤ.አ. በ1930 አንዲት እናት ከነልጆቿ ካስያዘ በኋላ የቤተ ሙከራ እርባታው ከእነዚያ ተነሣ። ሃምስተር የፊት እግሮቹን በምራቁ እያራሰ ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ከዚያም ጎኑንና ሆዱን ያብሳል፤ ደረቅ አሸዋ ሲያገኝም ይንከባለልበታል። በውኃ ቢያጥቡት ግን ጠጉሩን የሚጠብቀው ቅባት ይለቅና ብርድ ይመታዋል።

ለእኛ ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች የዚህ ቅርብ ምሳሌ በደጃችን ያለችው ዶሮ ናት። ዶሮ በጅራቷ ሥር ካለች ዕጢ ቅባት በምንቃሯ እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች። ቅባቱ ሲቆይ ያረጃል፤ ላባውንም እርስ በርስ ያጣብቃል። በዚህ ጊዜ ደረቅ አፈር ጭራ ትተኛለች፤ በክንፎቿ አፈሩን ወደ ላይ እየበተነች እስከ ቆዳዋ ታደርሰዋለች። አፈሩ ያረጀውን ቅባት ይመጥጣል፤ ተነሥታ ስትራገፍ ሁለቱ አብረው ይወድቃሉ። ሥር ያለው ለስላሳ ላባም ተነፍቶ ሙቀቷን ይጠብቃል። አፈር ያገኘች ዶሮ ይህን በአማካይ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ እኩለ ቀን ገደማ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ታደርጋለች።

ጉዳዩ የሚያሳስበን ዶሮን በዝግ ቤትና በሽቦ ኬጅ ማርባት ስንጀምር ነው። ከአፈር ስንለያት ከቆሻሻ ያዳንናት ይመስለናል፤ የነጠቅናት ግን ሳሙናዋን ነው። በባዶ ሽቦ ላይ እንኳ ተኝታ ክንፏን እያርገበገበች የመታጠብ እንቅስቃሴውን ትፈጽማለች፤ ላባዋ ግን አይጸዳም። የአውሮፓ ኅብረት ባዶውን ኬጅ ከጥር 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲከለክል፣ ዶሮ የምትጭረው ልቅ ንጣፍ እንዲኖራት አዝዟል።

የጤናም ጥቅም አለው። በካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ለዶሮዎች ድኝ፣ ካኦሊን ወይም ዳያቶማይት ከአሸዋ ጋር የተደባለቀባቸው ሣጥኖች አቅርበው ነበር። በሣጥኖቹ በተጠቀሙት ዶሮዎች ላይ የቅማልና የመሰል ጥገኞች ቁጥር በአንድ ሳምንት ከ80 እስከ 100 በመቶ ቀንሷል። ዳያቶማይት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አካባቢ የሚገኝ የአገራችን ማዕድን ነው።

ስለዚህ ዶሮ ቤት ለምትሠራ እናት የምንሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ዶሮ ተኝታ የምትገላበጥበት ሣጥን ይቀመጥ፤ በደረቅ አፈርና በተነፋ የምድጃ አመድ ይሞላ፤ ሲረጥብም ይለወጥ። ፀረ ተባይ መድኃኒት በዘፈቀደ ከመርጨትና እንቁላሉን ከመበከል ይህ ይሻላል። የመመረቂያ ጥናት ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎችም የቤት ሥራ እተዋለሁ፤ ከአካባቢያችን አፈርና አመድ የትኛው ቅይጥ ቅማልን ይበልጥ እንደሚቀንስ ቆጥራችሁ አሳዩን።