«ምርት ቀነሰ» ሲባል፦ የሃሊበት ዓሣ ተሞክሮ ከተለያዩ አገሮች

(ለጣና ዙሪያ ዓሣ አስጋሪ አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ሥልጠና አንድ አባት «በመራቢያው ወቅት መረባችንን ብናወጣ የሚቀርብንን ገቢ ማን ይተካልናል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ይህንኑ ችግር ከእኛ በፊት ያዩ አገሮችን እንመልከት።

ሃሊበት በሰሜን አትላንቲክና በሰሜን ፓስፊክ ቀዝቃዛ ውኃ የሚኖር ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሴቷ ለመራባት ወደ 10 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅባት፣ ክምችቱ አንዴ ከተመናመነ ቶሎ አይተካም።

አንደኛ፦ በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው አካባቢ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሃሊበት ያለ ገደብ ተሰገረ። አንዱ ቦታ ሲሟጠጥ ጀልባዎቹ ወደ ሌላው ሄዱ። በመጨረሻም ዓሣው አለቀ። በዚያ ባለው የፌዴራል ውኃ ዛሬም አንድ ጀልባ በአንድ ጉዞ ከአንድ ሃሊበት በላይ ማምጣት አይፈቀድለትም።

ሁለተኛ፦ የአይስላንድ ክምችትም እጅግ በመመናመኑ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሃሊበትን ለይቶ ማስገርን ከለከለች። በሌላ መረብ በሕይወት የተያዘም ወደ ባሕር ይመለሳል።

ሦስተኛ፦ ካናዳ በአትላንቲክ ዳርቻዋ በ1988 3,200 ቶን የነበረውን ኮታ በ1995 ወደ 850 ቶን አወረደች፤ ከ81 ሴንቲ ሜትር ያነሰውም እንዳይያዝ አደረገች። አስጋሪው ለዓመታት ገቢው ቀንሶበታል። ወጣት ዓሣ በብዛት ማደጉም አግዞ፣ ዛሬ ኮታው ከ1988ቱ አልፏል።

በፓስፊክ በኩል ደግሞ አሜሪካና ካናዳ ከ1923 ጀምሮ በጋራ ኮሚሽን ይሠራሉ፤ ዓሣው ድንበር አያውቅምና። እዚያም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ምርት ቀንሷል። ነገር ግን በየዓመቱ ክምችቱ ስለሚለካ፣ ኮታው የሚቀነሰው ዓሣው ከማለቁ በፊት ነው።

እንግዲህ የምርት መቀነስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እኛ አስበን የምንቀንሰው ነው፤ ያ የዘር እህል እንደማስቀመጥ ነው። ሌላው ዓሣው ሲያልቅ በግድ የሚመጣው ነው፤ ያ ዘሩንም በልቶ እንደመጨረስ ነው።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ ባርበስ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች አፍ ሲሰበሰብ መረብ ብንዘረጋበት፣ የምንይዘው እንቁላል ያዘሉትን እናቶች ነው። የቀረውን ገቢ የሚተካው ከእነሱ የሚወለደው ነው። ጥቅሙ ግን በአንድ ዓመት አይታይም፤ ይህን ልሸሽጋችሁ አልፈልግም። አንዱ መረቡን አውጥቶ ሌላው ከዘረጋ ደግሞ ያወጣው ብቻ ይጎዳል። ስለዚህ ስምምነቱ የሁላችንም መሆን አለበት።

አሁን በየማኅበራችሁ ሆናችሁ ተወያዩ፦ ከአምስት ዓመት ወዲህ የትኛው ዓሣ ቀነሰባችሁ? ቅነሳውስ ከሁለቱ የትኛው ነው? ከሻይ በኋላ መልሳችሁን እንሰማለን።