የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ በገዛ እጅ ስለ ማሰር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በእጅ ሥራ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የትምህርት ቤታችንን በዓል ስናከብር እኛ የእጅ ሥራ ክበብ አባሎች የመጣነው ስለ ትልቅ ነገር ልንናገር አይደለም። ከላባ፥ ከጠጕርና ከክር ስለምትሠራ፥ ከጣት ጥፍር ስለማትበልጥ አንዲት ሰው ሠራሽ ዝንብ ልንነግራችሁ ነው። ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ «ልጆቻችን መጽሐፋቸውን አስቀምጠው በመንጠቆ ላይ ላባ ሲጠመጥሙ መዋላቸው ምን ይረባቸዋል?» ማለታቸውን ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ እንደ አቅማችን መልስ እንሰጣለን።

በመጀመሪያ ነገሩን እንግለጥ። ትራውት የተባለው ዓሣ በቀዝቃዛና በንጹሕ ውሃ ይኖራል። ከምግቡም ብዙው በወንዝ ውስጥ አድገው ወደ አየር የሚወጡ ትንንሽ ነፍሳት ናቸው። እነዚህ ነፍሳት በጣም ስስ ስለ ሆኑ በመንጠቆ ቢሰኳቸው ይፈርሳሉ፤ ስለዚህ አጥማጁ ምስላቸውን ሠርቶ ለዓሣው ያቀርብለታል። ምስሉ ክብደት የለውም፤ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። በዘንጉ የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ነው፤ ዝንቧም ገመዱን ተከትላ ሄዳ ከውሃው ላይ ታርፋለች።

ይህ ጥበብ ረጅም ዕድሜ አለው። ኤልያን የተባለው የሮማ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ ስለ መቄዶንያ ዓሣ አጥማጆች ሲጽፍ፥ መንጠቆውን በቀይ የበግ ጠጕር ጠቅልለው ከአውራ ዶሮ አገጭ ሥር የተነቀሉ ሁለት ላባዎች እንደሚያስሩበት ተናግሯል። በእንግሊዝ አገርም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1496 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጽሑፍ 12 ዓይነት ዝንቦችን በየወራቸው ዘርዝሯል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሳበን ግን ፍራንክ ሶየር የተባለው ሰው ነው። ይህ ሰው በእንግሊዝ አገር የኤቨን ወንዝ ጠባቂ ነበረ። ወንዙን ሲጠብቅ ነፍሳቱን ዘወትር ይመለከት ስለ ነበረ፥ በሚዋኙበት ጊዜ እግራቸውን ወደ ሰውነታቸው እንደሚያስጠጉ አስተዋለ። ስለዚህ በሠራት ዝንብ ላይ እግር አላደረገባትም። ዕቃውም ሁለት ብቻ ነበረ፤ ፌዛንት የተባለው የጅግራ ዘመድ የጅራት ላባና ቀጭን የመዳብ ሽቦ። ሽቦው ክርን ተክቶ ያስራል፤ ክብደት ሆኖ ያሰጥማል፤ በላባው መካከልም ያብረቀርቃል። ሶየር ሥራውን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣው፤ የእርሱም ዝንብ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይታሰራል። ከዚህም የምንማረው ብዙ ዕቃ ከመሰብሰብ ይልቅ አጥብቆ ማየት እንደሚበልጥ ነው።

አሁን ስለ አሠራሩ እንናገር። በመጀመሪያ መንጠቆው በትንሽ ሞርሳ ይያዛል። ክሩ ከመንጠቆው ዓይን ኋላ ተጀምሮ ጠበቅ ተደርጎ እስከ ጕብጠቱ ድረስ ይጠመጠማል፤ ይህ መሠረት ከላላ ከላይ የሚታሰረው ሁሉ ይሽከረከራል። ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት የላባ ዘንጎች ለጅራት ይታሰራሉ። ከዚያም ክሩ ሰም ተቀብቶ የጥንቸል ጠጕር በጣት ይፈተልበታል፤ ይህም ሲጠመጠም ሰውነቷ ይሆናል። በመጨረሻ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ወደ ራሷ አጠገብ ይዞርና በቋጠሮ ይዘጋል። የዶሮው ላባ ጠንካራ ከሆነ ጫፎቹ በውሃው ገጽ ላይ ቆመው ዝንቧን ያንሳፍፏታል፤ የሴት ዶሮ ለስላሳ ላባ ከሆነ ግን ውሃ ጠጥቶ ያሰጥማታል። ጀማሪ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር የመንጠቆው ዓይን ነው፤ ክርና ላባ ከደፈነው ገመዱ ሊገባበት አይችልም፤ ሥራውም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

እንግዲህ ጥቅሙ ምንድን ነው? አንደኛ፥ ምስሉን ለመሥራት እውነተኛውን ማወቅ ግድ ነው። ከወንዝ ውስጥ ድንጋይ ገልብጠን ሜይፍላይ የተባለውን ነፍስ ስንመረምር ብዙ ተምረናል። ይህ ፍጥረት በውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኖሮ፥ ወደ ላይ ወጥቶ ቆዳውን ይጥልና ክንፍ ያወጣል፤ ክንፍ ካወጣ በኋላም አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዳውን ይለውጣል። ያን ጊዜ የሚበላበት አፍ የለውም፤ ዘሩን ተክቶ ከሰዓቶች ወይም ከጥቂት ቀኖች በኋላ ይሞታል። በቆሸሸ ውሃም መኖር ስለማይችል፥ ከወንዝ መጥፋቱ የውሃውን መበላሸት ያመለክታል። ከከተማ በላይ ባለው ጅረት ብዙ አግኝተን ቆሻሻ ከሚፈስበት በታች አንድ እንኳ ስናጣ፥ ማንም ሳይነግረን የወንዙን ሕመም አወቅን።

ሁለተኛ፥ በአገራችን ሸማኔው፥ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሥራቸው እየተፈለገ እነርሱ ግን በንቀት ስም ሲጠሩ ኖረዋል። አንዲት ዝንብ አሥር ጊዜ ፈትቶ አሥር ጊዜ ያሰረ ተማሪ ግን ጣት ያለ አእምሮ እንደማይሠራ በራሱ እጅ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ባለ እጅን ለመናቅ አፉ አይደፍርም። ጎረቤታችን ኬንያም በእጅ የታሰሩ ዝንቦችን ወደ ውጭ አገር እየላከች ትሸጣለች፤ ሥራው የብዙ ሰዎች እንጀራ ሆኗል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። ትራውት የአገራችን ተወላጅ አይደለም። በባሌ ተራሮች እንደ ወይብና እንደ ዳንካ ባሉት ቀዝቃዛ ወንዞች የሚገኘው ዘር ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በገዛ ፈቃዱ ይህን ዓሣ ወደ ሌላ ውሃ ወስዶ እንዳይለቅ እንለምናለን፤ እንግዳው የባለቤቱን ምግብ ይሻማልና። የጣና ሐይቅ የራሱ ዓሦች አሉት፤ ከትልልቆቹ የባርበስ ወገኖች 8ቱ ትንንሽ ዓሣ አዳኞች ናቸው። ለእነርሱ ዝንብ ማሰር የሚፈልግ የትንሽ ዓሣ ምስል ይሥራ፤ ነገር ግን እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ በሚወጡበት በክረምት ይተዋቸው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ከእናንተ ገንዘብ አንጠይቅም። ለበዓል አውራ ዶሮ ስታርዱ የአንገቱን ላባ አትጣሉብን፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። በሚመጣው ዓመት በዓል ያ ላባ ምን እንደ ሆነ በጠረጴዛችን ላይ ታዩታላችሁ።